የአጣጥ ቍጥቋጦና የሕዋስ እንዝርት

በአገራችን ስለ ትምህርትና ስለ ምርምር ነገር በተነሣ ቍጥር ሳይሰማ የማይቀር አንድ አነጋገር አለ፤ ይኸውም ሕዝቡ ገና ለዕለት እንጀራውና ለዓመት ማዳበሪያው ሲጨነቅ፥ በዓይን የማይታየውንና በእጅ የማይዳሰሰውን የሕዋስ ምሥጢር መመርመር ለባለጸጎች አገሮች ሊተው የሚገባ ቅንጦት ነው የሚል ነው። ይህን የሚናገሩት ሰዎች ለአገር የማያስቡ አይደሉም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ በባሌ፥ በገሰራና በሲናና፥ በአጋርፋና በጎሮ የስንዴ ማሳ መካከል ያደጉ፥ ዋግ ያማረውን አዝመራ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ገለባ አድርጎ ሲያስቀረው ያዩ፥ የገበሬውንም ድካም ከማንም አብልጠው የሚያውቁ ናቸውና ቃላቸው በንቀት ሊታለፍ አይገባውም። ነገር ግን እኔ የምይዘው አሳብ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ለአሳቤም በምስክርነት የማቆመው ከሩቅ አገር የመጣ ሊቅ ሳይሆን፥ በባሌ ደጋና ወይና ደጋ በየአጥሩና በየገደሉ አፋፍ የሚበቅለውን፥ በአማርኛ አጣጥ በኦሮምኛም ኮምቦልቻ የሚባለውን ቍጥቋጦ ነው።

ነገሩ ከሥሩ እንዲገባን አስቀድሞ ወደ ሕዋስ መውረድ ያስፈልጋል። የቤተ ክርስቲያናችን መምህራን ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ ፍጥረታትን ረቂቅና ግዙፍ ብለው ይለያሉ፤ ሕዋስ ግን በሁለቱ መካከል የቆመ ይመስላል፤ ግዙፍ የሆነው የሰው፥ የበግና የገብስ አካል ሁሉ ከእርሱ የተሠራ ሲሆን እርሱ ራሱ ያለ መሣሪያ ለዓይን አይገለጽምና። ሕያው አካል ሁሉ የሚያድገው፥ ቍስሉም የሚሽረው፥ አንዱ ሕዋስ ሁለት እየሆነ በመከፈል ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ የዘር ውርስ የሠፈረባቸው ክሮሞዞሞች ይገኛሉ፤ በሰው 46፥ በገብስ 14፥ ለፓስታ በሚሆነው ስንዴ 28፥ በዳቦ ስንዴ ደግሞ 42 ናቸው። ሕዋሱ ሊከፈል ሲል ለእያንዳንዱ ክሮሞዞም ግልባጭ ይዘጋጅለታል፤ ከዚያም ዋናውና ግልባጩ ተለያይተው፥ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ፥ ሳይጐድልና ሳይተርፍ ለሁለቱ አዳዲስ ሕዋሳት ይደርሳሉ። ባለ መሬትና የእኩል አራሽ በአውድማ ላይ ምርት ሲካፈሉ የመጨረሻው ቍና ተሰፍሮ ሁለቱም ወገን «ደርሶኛል» እስኪል ድረስ ማንም እህሉን ወደ ጎተራው አያነሣም፤ በሕዋስ ውስጥም ልክ እንዲሁ አንድ ክሮሞዞም እንኳ በሁለት ወገን በደንብ ሳይያዝ የቀረ እንደ ሆነ፥ ለዚሁ ሥራ የተመደቡ ጠባቂ ፕሮቲኖች መለያየቱን ያዘገዩታል። ጥበቃው የላላ እንደ ሆነ ግን አንዱ የሰው ሕዋስ 47፥ ሌላው 45 ይዞ ይቀራል፤ በብዙ የካንሰር ዐይነቶች የሚታየው የክሮሞዞም ቍጥር መዛባት ከዚህ ከመሰለ የአከፋፈል ስሕተት የሚመነጭ ነው።

ይህን የማካፈል ሥራ የሚሠራው ማን ነው? ጀርመናዊው ቫልተር ፍሌሚንግ በ1882 (በዚህ ጽሑፍ «ዓመተ ምሕረት» ካላልኩ በቀር የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሕዋስ በሚከፈልበት ጊዜ ከሁለት ዳርቻዎች ተነሥተው ወደ መካከል የሚሰበሰቡ ቀጫጭን ክሮችን ገልጾ ነበር፤ መካከሉ የሰፋ ሁለት ጫፉ የሾለ ስለ ሆነም የክሮቹ ስብስብ እንዝርት ተባለ። ሆኖም ሕዋሱ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ በአሲድና በአልኮል ከደረቀ በኋላ ነበርና የሚመረመረው፥ ብዙ ሊቃውንት እነዚያ ክሮች ማድረቂያው የፈጠራቸው ምትሐት እንጂ በሕያው ሕዋስ ውስጥ ያሉ አይደሉም እያሉ ለረጅም ዘመን ተከራከሩ። ክርክሩን የዘጋው ሺንያ ኢኖዌ የተባለው ጃፓናዊ ተመራማሪ ነው፤ እርሱም ራሱ ባሻሻለው የፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ አማካይነት፥ በ1953 ባወጣው ሥራ፥ ሳይሞትና ሳይደርቅ በመከፈል ላይ ባለ ሕዋስ ውስጥ ክሮቹን አሳየ። ክሮቹ ከምን እንደ ተሠሩ የታወቀው ግን ከዚያም በኋላ ነው። የሕዋስን መከፈል እንደሚያግድ አስቀድሞ የታወቀውን ኮልቺሲን የተባለውን የዕፅ መርዝ፥ ጋሪ ቦሪሲና ኤድዊን ቴይለር በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በጨረር ምልክት አድርገው ወዴት ሄዶ እንደሚጣበቅ ተከተሉት፤ በ1967ም የሚጣበቅበትን ፕሮቲን ይፋ አደረጉ፤ ይህም ፕሮቲን ጥቂት ቆይቶ ቲዩቡሊን ተባለ። እንግዲህ ልብ ይሏል፦ ክሩን ያስገኘው መርዙ ነው፤ ዕፅን ለማወቅ የተጀመረው ምርመራ ሕዋስን አስታወቀ፥ ሕዋስን ለማወቅ የተደረገው ደግሞ፥ ወደ ፊት እንደምናየው፥ ወደ ዕፅ ተመለሰ።

ቲዩቡሊን አልፋና ቤታ የሚባሉ ሁለት ወንድማማች ፕሮቲኖች ጥምረት ነው። ጥምረቶቹ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረደሩ ሰንሰለት ይሠራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዐሥራ ሦስት ሰንሰለቶች ጐን ለጐን ተያይዘው ውስጡ ባዶ የሆነ ቱቦ ይሆናሉ፤ ይህ ነው ማይክሮቲዩቡል የሚባለው። ውፍረቱ 25 ናኖሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ሦስት ሺህ የሚሆኑ ቱቦዎች ጐን ለጐን ቢሰለፉ ከአንዲት የራስ ጠጕር ውፍረት አይበልጡም። ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን ትንሽነቱ ሳይሆን አለመርጋቱ ነው። በ1984 ቲሞቲ ሚቺሰንና ማርክ ኪርሽነር እንዳሳዩት፥ እያንዳንዱ ቱቦ በጫፉ ላይ ቲዩቡሊን እየጨመረ ሲረዝም ይቈይና፥ ጫፉን አጽንቶ የያዘው የኃይል ቅንጣት ባለቀ ጊዜ በድንገት ተፈራርሶ ያጥራል፤ ከዚያ ደግሞ ተመልሶ ይረዝማል። አንድ ሰው ይህን ብቻ ቢሰማ ከንቱ ድካም ይመስለዋል። ነገር ግን ቱቦዎቹ በየአቅጣጫው እየረዘሙና እየተመለሱ ክሮሞዞምን የሚፈልጉት በዚህ መንገድ ነው፤ ያገኘው ይይዛል፥ ያላገኘው ፈርሶ እንደ ገና ይሞክራል። የሚጸና ሁሉ የተመሰገነ እንዳልሆነ፥ ይህን ቱቦ የሚያጸኑት መድኃኒቶች የሚያፈርሱትን ያህል ገዳይ መሆናቸው ያስረዳል።

ቱቦው ይህን ሁሉ ለብቻው አይሠራውም። በዙሪያው የሚሰለፉ፥ በእርሱ ላይ የሚጣበቁና የሚራመዱ፥ የሚቈርጡትና የሚያስሩት ብዙ ረዳት ፕሮቲኖች አሉት፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እነርሱ ናቸው። በ1975 ከአሳማ አንጐል ተለይቶ የታወቀው ታው የተባለው ፕሮቲን ቱቦው እንዲሠራና እንዳይፈርስ የሚረዳ ነው፤ በሽምግልና ዘመን አእምሮን በሚያጠፋው በአልዛይመር በሽታ ውስጥም ከቱቦው ተላቆ ተቋጥሮ የሚገኘው እርሱው ነው። በ1985 ደግሞ ኪኔሲን የተባለው፥ ኤቲፒ የሚሰኘውን የሕዋስ ነዳጅ እየበላ በቱቦው ላይ እርምጃ በእርምጃ የሚሄድ ፕሮቲን ተገኘ። ከኪኔሲን ወገኖች አንዱ በሁለት ወገን እግር ያለው ሲሆን፥ ከተቃራኒ ዳርቻ የመጡ ሁለት ቱቦዎችን በአንድ ጊዜ ይረግጥና ወዲያና ወዲህ እየገፋ የእንዝርቱን ሁለት ጫፎች ያራርቃቸዋል። ዳይኒን የሚባለው በአንጻሩ ይስባል። ኢቢ1 የተባለው የሚያድገውን የቱቦ ጫፍ ብቻ እየተከተለ ይቀመጣል፤ ካታኒን ይቈርጣል፤ ፒአርሲ1 በመካከል የተላለፉትን ቱቦዎች በአንድነት ይጠፍራል። በስንዴና በገብስ ውስጥ፥ የእንስሳ ሕዋስ እንዝርቱን የሚያደራጅበት ሴንትሮሶም የተባለው ማእከል የለም፤ ቢሆንም ማፕ65 የሚባሉት ጠፋሪ ፕሮቲኖችና ሌሎች ባልንጀሮቻቸው ያለ እርሱ እንዝርቱን ያቆማሉ፤ ክሮሞዞሞቹ ከተለያዩ በኋላም በሁለቱ አዳዲስ ሕዋሳት መካከል ግድግዳ የሚሠራበትን መንገድ ያበጃሉ።

ቲዩቡሊን ከእርሾ አንሥቶ እስከ ሰው ድረስ እጅግ ተመሳሳይ ነው፤ ይህም ማለት በገሰራ በጓሮ በሚበቅለው ገብስ ውስጥና ገብሱን በሶ አድርጎ በሚበላው ሰው ውስጥ ቱቦው ወደ አንድ የሚጠጋ ነው ማለት ነው። ልዩነቱን የሚያመጡት በአብዛኛው ረዳቶቹ ናቸው፤ በነርቭ ውስጥ ቱቦውን ለረጅም ዘመን አጽንተው የሚያኖሩት፥ በሚከፈል ሕዋስ ውስጥ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ እንዲታደስ የሚያደርጉት እነርሱ ናቸው። በቱቦው ላይ ያለች ጥቂት ልዩነት ግን ምን ያህል ዋጋ እንዳላት የባሌ በግ አርቢ ሳያውቀው ያውቃል። ለበጎቹ የሚያጠጣው፥ ልጆቹም በትምህርት ቤት የሚውጡት አልቤንዳዞል የተባለው የትል መድኃኒት የሚሠራው በትሉ ቤታ ቲዩቡሊን ላይ ተጣብቆ ቱቦው እንዳይሠራ በማድረግ ነው፤ ከትሉ ጋር ያለው መጣበቅ ከሰውና ከበግ ጋር ካለው እጅግ የጠበቀ በመሆኑ፥ ትሉ ሲሞት በሽተኛው ይድናል። መድኃኒቱ ያለ መጠን በተሰጠባቸው ብዙ ስፍራዎች ደግሞ፥ በዚያው ፕሮቲን በ200ኛው መቀመጫ ላይ አንዲት አሚኖ አሲድ በሌላ የተለወጠችባቸው ትሎች ተርፈው ይራባሉ፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ውኃ ነው። እንግዲህ ይህ ዕውቀት ለእኛ ቅንጦት ነው የሚለው ሰው፥ ዘወትር ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚገዛውን ጠርሙስ አላነበበውም።

ወደ አጣጥ ልመለስ። በ1960 የአሜሪካ መንግሥት የካንሰር ተቋም ከግብርናው መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ፥ ካንሰርን የሚገድል ነገር ይገኝባቸው እንደ ሆነ ለመመርመር ከመላው ዓለም ዕፀዋት ማሰባሰብ ጀምሮ ነበር። ሰብሳቢዎቹም በዚያው ዐሥርት ዓመት መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከሰበሰቧቸው መካከል ማይቴነስ ኦቫተስ ብለው የመዘገቡት፥ ከአጣጥ ወገን የሆነው ቍጥቋጦ ይገኝበታል። (አጣጥ ብለን የምንጠራቸው ልዩ ልዩ ዝርያዎች ስለ ሆኑ፥ በአንድ ሰው አጥር ላይ ያለው ያው ራሱ ነው ብሎ መማል አይቻልም፤ ዘመዱ መሆኑ ግን አያጠራጥርም።) የዕፁ ጭማቂ በቤተ ሙከራ የካንሰር ሕዋሳትን መግደሉ ታወቀ፤ ገዳዩን ነገር ለይቶ ለማውጣት ግን ዐሥር ዓመት ገደማ ፈጀ። በመጨረሻ የቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ሞሪስ ካፕቻን ከባልደረቦቹ ጋር በ1972 ይፋ አድርጎ ሜይታንሲን አለው። ከአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ዕፅ የሚገኘው ከአንድ ሚሊ ግራም ያነሰ ስለ ነበረ ለሕክምና ሙከራ የሚበቃውን ያህል ለማግኘት ሌላ ዝርያ ተፈልጎ፥ በ1970ዎቹ ከኬንያ ሺምባ ኮረብታዎች ከ27 ቶን በላይ ማይቴነስ ቡካናኒ ተቈርጦ ሄደ። በ1977 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ከባክቴሪያ ውስጥ አንሳሚቶሲን የተባለ የቅርብ ዘመዱን አገኙ፤ ከዚያም ወዲህ መሠረቱን ለመድኃኒት ቀማሚዎች የሚያቀርበው በጋን ውስጥ የሚራባው ባክቴሪያ እንጂ ቍጥቋጦው አይደለም። ቈይቶ የተደረገው ምርመራም፥ በዕፁ ውስጥ ያለውን መርዝ የሚያበጁት በውስጡና በሥሩ አብረውት የሚኖሩ ጥቃቅን ሕያዋን ሳይሆኑ አይቀሩም ወደሚለው አመዝኗል።

ሜይታንሲን የሚሠራው በቲዩቡሊን ላይ ነው። በቱቦው ጫፍ ባለው ቤታ ቲዩቡሊን ላይ ተጣብቆ፥ ተከታዩ ጥምረት የሚያርፍበትን ስፍራ ይይዝበታል፤ ስለዚህ ሜይታንሲን የተቀመጠበት ጫፍ ማደጉን ያቆማል። እንዝርቱ ሳይሠራ ይቀራል፥ ወይም የተሠራው ይፈርሳል፤ ጠባቂ ፕሮቲኖቹም ክሮሞዞሞቹ እንዳልተያዙ ባዩ ጊዜ ሥራውን ያግዱታል፤ ሕዋሱም በዚያው ታግቶ ይሞታል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው እጅግ አነስተኛ በሆነ መጠን ስለ ሆነ ሐኪሞች ታላቅ ተስፋ አድርገውበት ነበር፤ በሰው ላይ በተሞከረ ጊዜ ግን የሚከፈለውንና የማይከፈለውን፥ ካንሰሩንና ጤነኛውን ሳይለይ መታ። የነርቭ ሕዋስ ባይከፈልም፥ ከአከርካሪ እስከ እግር ጣት በሚዘረጋው ረጅም ክንዱ ውስጥ ምግቡና መልእክቱ የሚመላለሰው በነዚሁ ቱቦዎች ላይ ነውና፥ የእንዝርት መርዝ የተሰጠው ሰው እግሩ ይደነዝዛል። ዛሬም በአገራችን ሆስፒታሎች ቪንክሪስቲን ወይም ፓክሊታክሰል የሚወስዱ ሰዎች ጣቶቻችን ደነዘዙ የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ በ1980ዎቹ ሜይታንሲን ተስፋ የተቈረጠበት ዕቃ ሆኖ ተጣለ።

የተጣለውን ያነሡት ሰዎች ያደረጉት ዘዴ ረቂቅ ነው። ከጡት ካንሰሮች ከአምስት አንዱ ያህል፥ ኸር2 የተባለ ፕሮቲን ከመጠን በላይ በሕዋሱ ገጽ ላይ ያበቅላል፤ ትራስቱዙማብ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ ይህን ፕሮቲን ለይቶ ያገኘዋል። የሜይታንሲን ተወላጅ የሆነው ዲኤም1 በዚህ ፀረ እንግዳ አካል ላይ ተጣበቀ፤ በአማካይ በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ተኩል ያህል ቅንጣት ይጫናል። መልእክተኛው የካንሰሩን ሕዋስ አግኝቶ ወደ ውስጥ ሲዋጥ መርዙ እዚያው ይፈታል፤ በመንገድ ላይ ግን አብዛኛው እንደ ታሰረ ይቈያል። በ2012 የታተመውና 991 ሰዎች የተሳተፉበት ኤሚሊያ የተባለው ሙከራ፥ በሽታው በተዛመተባቸው ታማሚዎች ላይ መካከለኛውን በሕይወት የመቈያ ጊዜ ከ25.1 ወር ወደ 30.9 ወር እንዳስረዘመ አሳየ፤ በየካቲት ወር 2013 የአሜሪካ መድኃኒት ተቈጣጣሪ ፈቀደው፤ ካድሳይላ በሚል ስምም ይሸጣል። ለአንድ ቤተሰብ ስድስት ወር ምን ማለት እንደ ሆነ በቀዶ ጥገና ክፍል በር ላይ ቆሞ የጠበቀ ሰው ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ሲደርስ አንባቢ፥ «ታዲያ ዕፃችንን ወስደው ከበሩበት፤ ድርሻችን የት አለ?» ብሎ ቢቈጣ አልፈርድበትም። ቢሆንም ቍጣው ትክክለኛውን በር እንዲያንኳኳ እወዳለሁ። የብዝኀ ሕይወት ስምምነት የተፈረመው በ1992 ነው፤ እኛም ስለ ጄኔቲክ ሀብት ማግኘትና ስለ ማኅበረሰብ መብት አዋጅ ቍጥር 482ን ያወጣነው በ1998 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ሁለቱም ወደ ኋላ ሄደው በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቈረጠውን ቅርንጫፍ አይደርሱበትም። ቢደርሱበትስ ምን እንላለን? ዕፁ በኬንያም በደቡብ አፍሪካም ዘመዶች አሉት፤ ዛሬ የሚያመነጨው ባክቴሪያ ነው፤ የካፕቻን ድካምም እውነተኛ ድካም ነው። በጤፍ ላይ ከሆላንድ ኩባንያ ጋር በ2005 የተደረገው ውል ምን ፍሬ እንዳስገኘልን አይተናል፤ በጤፍ ላይ የተሰጠውን የባለቤትነት ማረጋገጫ የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ዋጋ ቢስ ያደረገውም ሌላ ኩባንያ ባነሣው ክርክር እንጂ በእኛ ክስ አይደለም። ሳይጠበቅ የቀረ ሀብት በሕግ ብቻ አይመለስም።

ከዚህ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ዕፁ ከዚህ በሄደበት ዘመን እኛም ምርመራ የማናውቅ አልነበርንም። አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ባየ ጊዜ፥ ዐይቶ አላለፈም፤ ጠየቀ፥ ለካ፥ መዘነ፤ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ የሆኑትን ቀንድ አውጣዎች የሚገድል ነገር ከአገሩ ዕፅ አስገኘ፤ ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋርም በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የዕፀዋት ቤተ መዘክርም የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፀዋት የያዙትን መጻሕፍት በ2009 አሳትሞ እስኪጨርስ ድረስ እጅግ የሚደነቅ ሥራ ሠርቷል። ስለዚህ ዕፆቻችንን በስም እናውቃለን፤ የት እንደሚበቅሉም እናውቃለን። የጐደለን በዕፁ ስምና በሕዋሱ እንዝርት መካከል ያለው ዕውቀት ነው፤ አንድ ጭማቂ ሕዋስን ሲገድል ቱቦውን አፍርሶ ነው ወይስ አጽንቶ፥ ከረዳቶቹ አንዱን ይዞ ነው ወይስ ሌላ መንገድ ተከትሎ፥ ብሎ የሚጠይቅና መልሱን በገዛ መሣሪያው የሚያይ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው በአገር ውስጥ እስከ ሌለ ድረስ፥ ነገ ሌላ ቍጥቋጦ ዋጋ ቢኖረው ዋጋውን የምንሰማው ከሌሎች አፍ ነው።

ይህን ዕውቀት ለመጀመር የሚያስፈልገው ነገር ብዙዎች እንደሚፈሩት የራቀ አይደለም። የእንዝርትን ሥራ ለማሳየት ከሁሉ የተመቸው ነገር በአርሲና በባሌ በየቤቱ የሚገኘው ገብስ ነው፤ ገብስ ለብቅል በሚረጥብበት ጊዜ የሚያወጣት ነጭ ሥር፥ ጫፏ ላይ፥ በመከፈል ላይ ባሉ ሕዋሳት የተሞላች ናት። ሥሪቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ስትሆን ጫፏ ተቈርጦ በአልኮልና በአሴቲክ አሲድ ውስጥ ያድራል፤ ከዚያ በቀለም ነክሮ፥ በመስታወት መካከል ጨፍልቆ፥ ተራ በሆነ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ማየት ነው። የገብስ ክሮሞዞሞች ትልልቆችና ዐሥራ አራት ብቻ ስለ ሆኑ የገሰራ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በጣቱ እየቈጠረ ሊያያቸው ይችላል። ከመቍረጡ በፊት ሥሪቱን ለጥቂት ሰዓት በኮልቺሲን ውኃ ቢነክራት ደግሞ፥ እንዝርቱ ፈርሶ ክሮሞዞሞቹ በመካከል ተበትነው ታግተው ያገኛቸዋል። (ኮልቺሲን ለሰው ብርቱ መርዝ ስለ ሆነ ይህኛው ሙከራ በመምህር እጅ ብቻ የሚደረግ ነው።) ይህ የልጅ ጨዋታ እንዳይመስል፤ የስንዴ ዘር አዳቃዮች፥ የክሮሞዞሞቹን ግማሽ ብቻ የያዘውን ቡቃያ በዚሁ መርዝ እየነከሩ፥ ማለት እንዝርቱን አግደው ክሮሞዞሙን በዚያው ሕዋስ እጥፍ እያስቀሩ፥ ለም ዘር የሚያወጡት በዚህ ዘዴ ነው። ከ1978 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ ለባሌ ገበሬ የስንዴና የገብስ ዘር ሲያቀርብ የኖረው የሲናና ግብርና ምርምር ማእከልና በሮቤ የሚገኘው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዱ ዘሩ አለው፥ ሌላው ተማሪው፤ በመካከላቸው አንድ የሕዋስ ቤተ ሙከራ ቢቆም ለሁለቱም ይበቃል።

እርግጥ ነው፥ በጀት የሚይዙ ሰዎች ይህን ሲሰሙ፥ «ከመንገድና ከውኃ በፊት?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን አንዱን በሌላው ፋንታ ማድረግ አይደለም። አንድ ደህና የፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ ከአንድ የመስክ መኪና ዋጋ ያንሳል፤ የመስክ መኪና ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ እናያለን። ይልቁንም ሰው የማሠልጠኑ ነገር ከመሣሪያው ይበልጥ ያስቸግራል፤ በዚህ ሙያ የሠለጠነ ወጣት ወደ ገሰራ ወይም ወደ ሮቤ ተመልሶ እንዲኖር የሚያደርገው ደመወዝ ብቻ ሳይሆን፥ ጥያቄውን የሚጠይቅበት ወንበርና የሚያነጋግረው ባልንጀራ ነው። አንድ ሰው ብቻ ልኮ ዕውቀት ተተከለ ማለት ከንቱ ነው፤ ቢያንስ ሦስት አራት ሆነው ሊቀመጡ ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ ምን ይደረግ ብባል ግን ያለ ማመንታት የምመልሰው፥ በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው በጎባ ሪፈራል ሆስፒታል የሥጋ ናሙና መመርመሪያው፥ ማለት የፓቶሎጂው ክፍል፥ በሰውና በመሣሪያ ይጠናከር የሚለውን ነው። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚደርሱት ካንሰሮች ሁሉ የሚበዛው ነው፤ ከባሌ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለመድረስ ደግሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ፥ ለብዙ ሳምንትም በአዲስ አበባ ዘመድ ቤት መኖር ያስፈልጋል። ከአጣጥ ወገን የተገኘው መድኃኒት ዋጋው ዛሬ ለገሰራ ቤተሰብ ቀርቶ ለደህና ባለ ደመወዝም የማይቀመስ ነው፤ የባለቤትነት ዘመኑ አልፎ ዋጋው ሲወርድ፥ ወይም መንግሥት በስምምነት ሲያስገባው እንኳ ግን፥ በሽታዋ ኸር2 ያለበት ይሁን የሌለበት ያልተመረመረላት ሴት መድኃኒቱ በነጻ ቢሰጥም ልትወስደው አትችልም። ምርመራው የሚደረገው ከዕጢዋ የተቈረጠው ቁራጭ ሥጋ በፎርማሊን በጊዜው ተነክሮ፥ በሰም ታቅፎ፥ በስስ ተቈርጦ ለኸር2 በተዘጋጀ ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው፤ ናሙናው በፎርማሊን ሳይነከር ብዙ ሰዓት የቈየ፥ ወይም በፎርማሊን ውስጥ ለሳምንታት የተረሳ እንደ ሆነ፥ ውጤቱ ሊታመን አይችልም። ስለዚህ ሥራው ከናሙናው ጋር አዲስ አበባ የሚላክ ሳይሆን፥ ቢያንስ እስከ ሰሙ ድረስ ጎባ ላይ መሠራት ያለበት ነው።